የተረፈችው ብሎን

ዛሬም ሲዘንብ ዋለ። የጅማ ዝናብ ሲይዝ እንዴት እንደሚያደርገኝ ታውቃላችሁ። ቡና አፈላለሁ፣ በርጩማዬን ስቤ መስኮት ስር እቀመጣለሁ፣ በቃ ይመሻል። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ያቺ ብሎን አለች። ቤት ስቀይር አልጋውን ፈትቼ ስገጥም የተረፈችው። ከየት እንደወጣች እስካሁን አልገባኝም። (በርጩማው ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የወጣ ነው፤ ብሎን የለው፣ የሚተርፍ የለው።)

ፎቶዋን ጀርመን ላለው ወንድሜ ላክሁለት። ግላይደር ያበራል፣ ያ ሞተር የሌለው አውሮፕላን። "እኛ ጋ አንዲት ፒን ብትተርፍ ማንም አይነሳም" አለኝ እየሳቀ። ክንፎቹን ፈትተው በተጎታች ያመጡና ሜዳው ላይ ይገጥሙታል። አዲሶቹ ላይ መሪው ከክንፍና ከጅራቱ ጋር ራሱ ይያያዛል። ብዙዎቹ የቆዩት ግን በእጅ ናቸው፤ የማያያዣው ኳስ ጎድጓዳው ውስጥ ትገባለች፣ እንዳትወጣ ደግሞ ፒን ይደረግላታል።

እኔ መሪውን ወዝወዝ አድርጎ ማየት የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ለካ ያልተያያዘ መሪም ይወዛወዛል፣ ያውም ቀልሎት። ስለዚህ አንዱ ውስጥ ሆኖ የመሪውን ዘንግ ይገፋል፣ ሌላው ውጭ ቆሞ ክንፉ ጠርዝ ላይ ያለችውን ተንቀሳቃሽ ክፍል በእጁ ያዝ ያደርጋታል። የሚገፋው ሰው እጁ ላይ ትግል ከተሰማው ተያይዟል ማለት ነው። ከዚያ ጅራቱ፣ ከዚያ የአየር ፍሬኑ። አቅጣጫም ያያሉ፤ ዘንጉ ወደ ቀኝ ሲሄድ የቀኝ ክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍል ወደ ላይ መነሳት አለባት። መሃል ላይ ሰው ወሬ ካመጣበት ወንድሜ ከሀ ይጀምራል።

ጠዋት እማዬ ደውላ "ደህና ነህ?" አለችኝ። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" እንዴት ቀልሎ እንደወጣ! አባዬ በነበረ ጊዜ እንዲህ በቀላሉ አይለቀኝም ነበር። በላህ? ምን በላህ? ከማን ጋር? ያናድደኝ ነበር። አሁን ማንም እንደዚያ አይጠይቀኝም፣ እኔም ማንንም አልጠይቅም፤ ወንድሜ እንኳ እሁድ ማታ ከሜዳ ሲመለስ ብቻውን ይብላ ከሰው ጋር አላውቅም።

ልጠይቀው ብዬ ደወልኩ። ሲያነሳ ጠፋኝ። "ፒኗን በደንብ አስገባ" አልኩት።

"አስገብቻለሁ። አንተስ አልጋውን?"

ይህን የምጽፈው አልጋው ላይ ሆኜ ነው። በግራ በኩል። በቀኝ በኩል ሲጢጥ ይላል።