ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ፣ ለትንሣኤ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! በአገር ቤትም በስደትም ያላችሁ፣ ከዚህ ሰፈር ወጥታችሁ በስልክ ብቻ የምትጠይቁንም፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ስለገቡ ለሱሁር የሚነሣውና ለኪዳን የሚወጣው በአንድ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ከረሙ። ኢድ የዋለው በጾማችን መካከል ነበር፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለጾመኛው ሽሮና አትክልት ለይተው ሠርተው በየበሩ አዳረሱ። አላህ ይስጣችሁ። የእኛ ተራ ደግሞ አሁን ነው።

በቅድሚያ የዋዜማውን ነገር እንጨርስ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ ሽንኩርት ተጥዶ በዚያ ላይ ምጣድ ሲሰካ የብሎኩ ዋና ብሬከር ይጥላል። ስለዚህ እንጀራው ሐሙስ ማታ፣ ካልሆነም ቅዳሜ ሳይነጋ ተጋግሮ ይለቅ፤ የቅዳሜ ቀን ለወጡና ለድፎው ይተው። ብሬከሩ ከጣለ ወዲያው አትመልሱት። መጀመሪያ ምጣዶቹ ይነቀሉ፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይመለስ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ወይም አምፖሉ አንዴ ቦግ አንዴ ድርግም ካለ ግን መመለስ የለም፤ ኒውትራል የሚባለው ተመላሽ ሽቦ ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ ፍሪጅ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁ ሐሙስ ሙሉ። ዓርብ ስቅለት ነው፣ ቢሮ ዝግ ነው።

ውኃው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ግፊቱ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ እምብዛም አይገፋም። ለአንድ ዶሮ አጠባ ሁለት ጀሪካን ያዙ። ሮቶ በረንዳ ላይ ለማስቀመጥ ያሰባችሁ ተዉት፤ አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነው፣ በረንዳው ለዚያ አልተሠራም። ከሁሉ በላይ ግን ላባና ሞራ ሽንት ቤት እንዳይደፋ። ሞራ ትኩስ ሆኖ ይፈሳል፣ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ላባውን ይይዛል፣ ከዚያ ፍሳሹ መሄጃ ሲያጣ በምድር ቤቱ ሰው ወለል ላይ ይገነፍላል። አራተኛ ፎቅ የደፋው ሰው አያየውም። መሬታችን ደግሞ መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የተቀበረውን ቱቦ በየመጋጠሚያው ያላቅቀዋል። ስንጥቁ በሚሰፋበት በዚህ ወር ሞራ ሲጨመርበት የሚተርፍ መስመር የለም። ሞራውን በዕቃ አርጉት፣ ላባውን በኬሻ ቋጥሩት፣ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ልጆች ስጡ፤ በበዓል ማግስት ለሚወጡት ለእነሱም ምስጋናችን በቃል ብቻ አይቅር።

ይህን ሁሉ በየዓመቱ ከሆሳዕና ጀምረው በር እያንኳኩ የሚነግሩን እናት ዘንድሮ የሉም።

አራተኛ ፎቅ ነበሩ። መሀል ከተማ ተወልደው፣ እዚያው ወልደው፣ ሰፈሩ ሲነሣ ወደዚህ የመጡ ሰው ናቸው። የቅርጫው መዝገብ በእሳቸው እጅ ነበር። ዝርዝሩ ሐሙስ ማታ ይዘጋል። አንድ መደብ መግዛት ያቃተው ሰው ሳይሰማበት ከሌላ ጋር ለሁለት ይገባል፤ ማን ከማን እንደተዳበለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሑድ ጎሕ ሲቀድ በጋራ መጠቀሚያው ቤት ግቢ ቅጠሉ ይነጠፋል። ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ሽንጡ፣ ታናሹ ታላቁ በየመደቡ እኩል እስኪሆን እሳቸው ይዞራሉ። ከዚያ የየቤቱን ቁልፍ ይሰበስቡና፣ ድልደላውን ላላየ ልጅ ሰጥተው በየመደቡ ላይ ያስቀምጡታል። በዚህ ብሎክ በቅርጫ የተቀያየመ ሰው የለም፤ ለዚህ ተመስገን ካልን እሳቸውን ማመስገናችን ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ታመሙ። የእኛ ሕንፃ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። የቤት ዕጣ ዕድሜ አይጠይቅምና ጉልበታቸው የደከመው ከላይ፣ ጎረምሶቹ ከታች ደርሷቸዋል። የወረዱት በፕላስቲክ ወንበር ነው። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ የወንበሩ እግር ተሰበረ፤ በእጃቸው ደግፈው ያዳኗቸው ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አምቡላንሱ የብሎክ ቁጥሩ ስለደበዘዘ በሦስት ብሎኮች መካከል ሲዞር፣ አንድ ባጃጅ ነጂ ከእንቅልፉ ተነሥቶ አደረሳቸው፤ ገንዘብም አልተቀበለም። በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። አስከሬኑ ቤታቸው እንዲያድር ሳጥኑን ወደ ላይ ለማውጣት ተሞከረ፤ መታጠፊያው ላይ አልዞር ብሎ በአጥሩ ብረት ላይ ሲያንገዳግዱት የልጃቸው ጩኸት እስከ ማዶው ብሎክ ተሰማ። ያን ዕለት ምድር ቤት ያሉት ሙስሊም ቤተሰብ ቤታቸውን ለለቀስተኛው ለቀቁ። የቀድሞ ሰፈራቸው እድርተኞች በሁለት ሚኒባስ መጡ፤ እሳቸውም የዚያን እድር መዋጮ እስከ መጨረሻው ወር ይከፍሉ ነበርና። ድንኳኑንና ወንበሩን ያቆመው ግን የእኛው እድር ነው። ከመሀል ከተማ ተነሥታችሁ በቅርብ የመጣችሁ ጎረቤቶች፣ የድሮውን እድራችሁን አትተዉ፤ በዚህኛውም ግን ዛሬ ተመዝገቡ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የሚደርስላችሁ የቅርቡ ነው።

ስለዚህ የበዓል ስጦታ እንዲሆን የምንጠይቀው ቃሬዛ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ የብረት ቱቦዎች፣ እያንዳንዳቸው ከ2 ሜትር ከ20 ያልበለጡ፤ ከረዘሙ ደረጃው ላይ አይዞሩም። ወርዱ 55 ሴንቲ ሜትር። ቱቦዎቹ ተጠጋግተው ሰውዬውን እንዳይጨብጡት ራስና እግር በኩል አግዳሚ ብረት ይበየድ። ሸራው የድንኳን ሸራ ሆኖ በድርብ ይሰፋ፤ ነጠላ ሸራ ስፌቱ ላይ ይተረተራል። ደረት፣ ዳሌና ጉልበት ላይ የሚያስሩ ሦስት ሰፋፊ መቀነቶች። ሲወርድ እግር ይቀድማል፣ ራስ ከፍ ይላል። ክብደቱ ወደ ታች ስለሚጋፋ ብርቱዎቹ ሁለቱ ከእግር በኩል ይሁኑ፤ አምስተኛው ሰው መብራት ይዞ ወደፊት ይሂድ፣ ደረጃው ላይ አምፖል የለምና። መታጠፊያው ላይ ከእግር በኩል ያሉት ከአጥሩ ብረት በላይ አንሥተው ያዙሩት። ትንፋሽ የሚያጥረውን ግን አስተኝታችሁ አታውርዱ፤ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ባለው በጠንካራ የእንጨት ወንበር፣ ደረቱን አስራችሁ አውርዱት። የሞተ ሰው ሲሆን ሳጥኑ ከታች ይቆይ፣ አስከሬኑ በቃሬዛ ይውረድ። ቃሬዛው በማንም ቤት አይቆለፍበት፤ ዘበኛው ዘንድ ይሁን። የብሎክ ቁጥሩም በሁለቱም ጎን በጥቁር ቀለም እንደ አዲስ ይጻፍ።

ሌላው ልመናችን ለወጣቶቹ ነው። ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ያላችሁ፣ ከላይ ካሉት አረጋውያን ጋር ቤት መቀያየርን አስቡበት። ካርታ ማዛወር አያስፈልገውም፤ በስምምነት ወረቀት፣ በምስክር ፊት፣ መኖሪያውን ብቻ መለዋወጥ ነው። ካሬው ከተለያየ ልዩነቱን በኪራይ ማካካስ ይቻላል። ዘንድሮ አንድ ወጣት ቤተሰብ እንዲህ አድርጓል። እግዚአብሔር ይባርካችሁ፤ ሽማግሌው አሁን ፀሐይ የሚሞቁት በራሳቸው ደጅ ነው።

ምስጋናችን ብዙ ነው። ውኃ ሲመጣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ ፓምፕ ለሚያስነሣው ጎረቤት፣ ክረምትና በጋ ለማይለዩት ዘበኞቻችን። ከሁሉ በፊት ግን ሊመሰገኑ ሲገባ የሚረሱት የዚህ ምድር ገበሬዎች ናቸው። እኛ የምንተኛበት፣ ኮዬ ፈጬም ቂሊንጦም ያሉት የሚተኙበት መሬት ጤፍና ሽምብራ ይበቅልበት የነበረ ማሳ ነው። የተነሡት ሰዎች ያገኙት ካሳ ካጡት ጋር አይመጣጠንም፤ ልጆቻቸው ዛሬ በአባታቸው ማሳ ላይ ቀን ሠራተኛና ጥበቃ ሆነዋል። በዚህ በዓል ወተት፣ ቅቤና በግ ይዘው ሲመጡ ዋጋ አትስበሩባቸው። በየደረጃው የሚያልፉትን በቋንቋቸው በኦሮምኛ «አያና ጋሪ»፣ መልካም በዓል፣ በሏቸው፤ በቅርጫውም አንድ መደብ ለዘበኞቹ ቤተሰብ ተይዟል።

ለቃሬዛው መዋጮው እስከ ዳግም ትንሣኤ ይሰበሰባል። ብየዳ የሚያውቅ፣ ሸራ ያለው፣ ስፌት ማሽን ያላት ስማቸውን ለዘበኛው ይስጡ። ለቅርጫው ቁልፍ የሚሰበስቡት ዘንድሮ የእኚያ የአራተኛ ፎቅ እናት ልጅ ናቸው፤ እሑድ ጎሕ ሲቀድ አትዘግዩባቸው። መልካም በዓል!