የጎመን ዘር ማቃጠል ከየት ይመጣል?

ጎንደር ውስጥ ምጣድ የሚያሟሽ ሁሉ ይህን ያውቃል፦ ጎመን ዘር ደረቁን ሲወቀጥ ብዙም አይሸትም፤ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ግን አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ይነሳል። ዘሩ ውስጥ ተለያይተው የተቀመጡት ሲኒግሪን የተባለው ግሉኮሲኖሌት (የጎመንና የሰናፍጭ ወገን ተክሎች የሚሠሩት ውህድ) እና ማይሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም የሚገናኙት ያኔ ነው፤ ኢንዛይሙ ሲኒግሪኑን ሲሰብረው ሽታው ይወጣል። በፈላ ውሃ ከሆነ ኢንዛይሙ ይበላሻል፣ ሽታውም አይመጣም። ሽታው ጠፋ ማለት ግን ሲኒግሪኑ ጠፋ ማለት አይደለም። ፋጉሎውን ከብት ሲበላው የሆድ ባክቴሪያዎች ያንኑ ሥራ ይሠሩታል፤ ሲበዛ እንቅርት ያመጣል።

ይህን ለማስቀረት ተክሉ ሲኒግሪን እንዳይሠራ ይደረግ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። ቅጠሉ ተባይ የሚከላከለው በእሱ ነው። ደግሞም ዘሩ ውስጥ የሚከማቸው አብዛኛው ከቅጠልና ከፍሬው ሽፋን ተጓጉዞ የመጣ ነው። መነካት ያለበት ማጓጓዣው ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. አራቢዶፕሲስ በተባለው ትንሽ ተክል ላይ ጂቲአር1 እና ጂቲአር2 የተባሉ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ታወቁ። የሕዋስ ሜምብሬን ላይ ሆነው ግሉኮሲኖሌትን ከፕሮቶን ጋር አጣምረው ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ሁለቱም ሲጠፉ ዘሩ ላይ ግሉኮሲኖሌት አልተገኘም፤ ቅጠሉና የፍሬው ሽፋን ላይ ግን ከ10 እጥፍ በላይ ጨመረ። እንዲህ ያለ ውጤት ከማንም ዝርያ አሻሻይ ዓይን ሊያመልጥ አይገባም! ከሕዋስ የሚያስወጡት፣ የኡማሚት ቤተሰብ አባላት፣ በ2023 ተለዩ።

ፕሮቲኑ አጓጓዥ መሆኑ የሚፈተነው በእንቁራሪት እንቁላል ነው። የጂኑ አርኤንኤ (ፕሮቲኑ የሚሠራበት የመልእክት ቅጂ) በቀጭን መርፌ ይሰጠዋል፤ ፕሮቲኑ እስኪሠራ ለ3 ቀን ያህል ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቆያል። ከዚያ ግሉኮሲኖሌት ባለበት፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 5 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ለ1 ሰዓት ያህል ተነክሮ፣ ታጥቦ፣ ይዘቱ ይለካል። ፒኤቹ 7 ከሆነ የሚገፋው የፕሮቶን ልዩነት ስለማይኖር ደህናው ፕሮቲን የማይሠራ ይመስላል። የተጎዳ እንቁላል ደግሞ ሁሉንም ያሳልፋል። ስለዚህ ውሃ ብቻ የተወጉ እንቁላሎች ጎን ለጎን ካልተለኩ ውጤቱ አይታመንም።

የእኛ ጎመን ዘር የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ድቅል በመሆኑ 34 ክሮሞሶም አለው፤ የጂቲአር ጂኖቹም ብዙ ቅጂ አላቸው። አንዱን ብቻ ማጥፋት ላይበቃ ይችላል፤ የቅርብ ዘመዱ ብራሲካ ጁንሲያ ላይ ከ12ቱ የጂቲአር ጂኖች 4ቱ ሲበላሹ ዘሩ ውስጥ ያለው ግሉኮሲኖሌት ከ60 እስከ 70 በመቶ ቀንሷል። ዘሩ ውስጥ ያለውን የግሉኮሲኖሌት መጠን በዋናነት የሚወስነው የእናቲቱ ተክል ጂን ስለሆነ፣ ለውጡን በሙሉ የወረሰ ዘር እንኳ ለውጡን ከአንድ ወላጇ ብቻ ከወረሰች እናት ከተለቀመ ያቃጥላል። ይህን ዘር መጣል አይገባም፤ ተዘርቶ የሚለካው የሚቀጥለው ምርት ነው።