ከካርቱም ተከትሎን የመጣው ፍርሃት

የካርቱም ጦርነት የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ ቀዳም ሥዑር ስለነበር የሠፈራችን ሐበሾች ለዶሮው ሽንኩርት እየከተፉ ሳለ ነው ተኩሱ የደረሰባቸው። በመተማ በኩል ወጥተን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ እናቴ ቤት ስንገባ የአምስት ዓመቱ ልጄ ገላው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ነገር ግን ከተወው ሁለት ዓመት የሆነው የሌሊት ሽንት ተመልሶበት ነበር፤ ከቀሚሴም አልላቀቅ አለ።

የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የመጣውን ይገምተዋል። ነጎድጓዱ አልበቃ ብሎ የግቢያችን አቮካዶ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ልክ እንደ ተኩስ ይጮሃል። ልጁ አልጋ ሥር ሲገባ «ምንም የለም» ብለው አያምነኝም፤ በጆሮው ሰምቷልና። ስለዚህ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ በመጀመሪያ የራሴን ትንፋሽ አረጋጋና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አቮካዶ ነው የወደቀው፤ ስትፈልግ ወጥተን እናነሳዋለን» እለው ነበር። ውሎ አድሮ፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀድሞ የሚመለከተው ጣሪያውን ሳይሆን ፊቴን ሆነ።

ስለ ሽንቱ ጎረቤት ሁሉ መካሪ ነበር፤ ቆንጥጪው ያለኝም አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ ግን ቅጣት ልጁን እንደሚጎዳው ለወላጆች እንዲነገር ይመክራል፤ ከአስደንጋጩ ክስተት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ልጆችን ቤንዞዳያዜፒን በሚባሉት የማስታገሻ መድኃኒቶች ማረጋጋትንም አይደግፍም። አንሶላውን ያለ ወቀሳ መቀየር፣ ራትን በሰዓቱ ማቅረብና ሁልጊዜ ከመኝታ በፊት ተረት መንገር ለእኛ በቂ ሆነ። ምልክቶቹ ከወር በላይ ለጠኑበት ልጅ ግን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

በጭቃ ቤት ሠርቶ ደጋግሞ ሲያፈርስ አልከለከልኩትም። አንድ ቀን «ሰዎቹስ የት ሄዱ?» ብዬ ብጠይቀው «በአውቶቡስ አያታቸው ጋ» አለኝ፤ ሌላ አልጠየቅሁትም፤ ልጅን ያየውን ሁሉ እንዲተርክ ማስጨነቅ ተገቢ አይመስለኝም።

እዚያው ሱዳን ስለቀረው አባቱ ሲጠይቀኝ «የሚመጣበትን ቀን አላውቅም፤ ሲደውል ግን ስልኩን የምታነሳው አንተ ነህ» እለዋለሁ። ከውጭ የሚደውሉ ዘመዶቼም «ለመስቀል ይመጣል» እያሉ ተስፋ እንዳይሰጡት ለምኛቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ተቀይመውኛል።