ቢራቢሮ ጠርቼ ልጆቿን ፈጀሁ

ሎሚዬ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር በዛ። ቡናማና ነጭ፣ ጥፍር የማያክል፣ በየቅጠሉ ላይ ጠብ ጠብ ያለ። ወፍ ነው ብዬ ተውኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ሳየው ግን “ኩሱ” ቦታ ቀይሯል፤ ቅጠሉም ከዳር ከዳሩ ተበልቷል። በስንጥር ነካ ሳደርገው ከአንገቱ ላይ ብርቱካናማ መንታ ቀንድ መዘዘብኝ፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታም ለቀቀ። ተባይ ነው አልኩና አንድ በአንድ ለቅሜ ጨረስኳቸው፤ ለጥንቃቄ ብዬ ደግሞ ዛፉን ፀረ ተባይ ረጨሁት። አሥራ አንድ ነበሩ። ቁጥሩን እስካሁን የያዝኩት ኋላ ስለቆጨኝ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ ከሎሚው አምስት እርምጃ ርቄ፣ ቢራቢሮ ይመጣልኛል ብዬ የአበባ መደብ እያለሰለስኩ ነበርና።

የዚያ ዓመት ሥራዬ ሁለተኛ ሙከራዬ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ያማረ አበባ ያለበት ሁሉ ቢራቢሮ አይጠፋም ብዬ ዓይኔ የወደደውን ተከልኩ፦ ጽጌረዳ፣ ድርብርብ ዳሊያ፣ ኳስ የሚመስል ማሪጎልድ። ግቢው አማረ። ቢራቢሮ ግን ብቅ ትልና አንድ ዙር ዞራ ትሄዳለች። ጥፋቱ የአመራረጤ ነበር። ድርብርብ አበባ ለሰው ዓይን ተብሎ የተዳቀለ ነው፤ በጽጌረዳ ከትርፎቹ የአበባ ቅጠሎች ብዙዎቹ የተገኙት የአበባው የወንዴ ክፍል ወደ ቅጠልነት ተለውጦ ነው፤ በዳሊያና በማሪጎልድ ደግሞ የመሃሉ ጥቃቅን አበቦች ቅጠል መሳይ ሆነው ነው። ኔክታር የሚባለው ጣፋጭ ፈሳሽ ወይ የለም፣ ወይ ከዚያ ሁሉ ድርብ ሥር ተቀብሯል። ቢራቢሮ የምትመገበው እንደ ሽቦ ጥምጥም በተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው መግቢያ ካላገኘ አበባው ለእሷ ባዶ ሳህን ነው።

በሁለተኛው ዓመት ነጠላውን ዚኒያ፣ ኮስሞስ፣ ፔንታስና ቨርቤና ዘራሁ፤ ከኋላ የሱፍ አበባ አቆምኩ። እንደ ዚኒያ የሠራልኝ የለም። መሃሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ቢጫ ኮከብ የመሰሉ ጥቃቅን አበቦች ቀለበት ሠርተው ከዳር ወደ ውስጥ በየተራ ይከፈታሉ። እያንዳንዷ የራሷ ጉድጓድ፣ የራሷ ጠብታ አላት። ቢራቢሮዋ ዳር ላይ ትቆምና ቀለበቱን እየዞረች በየጉድጓዱ ቱቦዋን ትነክራለች። እኛ አንድ አበባ የምንለው ለእሷ ሙሉ ገበታ ነው። የጠወለገውን እየቀነጠስኩ ስጥል ደግሞ አዲስ ማውጣቱን አያቆምም።

አተካከሉም ለውጥ አመጣ። መጀመሪያ እንደ ጥልፍ ቀለም እያቀላቀልኩ አንድ እዚህ አንድ እዚያ ነበር የምተክለው። በኋላ አንዱን ዓይነት በአንድ ቦታ አሥር አሥራ ሁለት አድርጌ ሳጅበው ጉብኝቱ ወዲያው ጨመረ፤ ከሩቅ የሚታየው እንዲህ ያለው የቀለም ክምር ነው። ጥላ ውስጥ የነበረውን መደብ ደግሞ ጨርሶ ተውኩት። የቢራቢሮ ሰውነት ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተጠጋ በረራው አይሳካላትም፤ ጠዋት ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ የምትሞቀው ለዚህ ነው። ነፋስ ከለላ ባለበት፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥኩላት። ከጎኑ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ጭቃ አለ፤ ወንዶቹ ጨው ነገር ፍለጋ ጭቃ ይመጣሉ። ይሄን ሳላውቅ ቆንጆ የውኃ ገንዳ ሠርቼላቸው ነበር፤ አንድም ዞር ብሎ ያየው የለም።

ስለ የወፍ ቆሎ መናገር አለብኝ፤ “ቢራቢሮ ከፈለግህ እሱን ትከል” የሚል ሰው አይጠፋምና። እውነት ነው፣ ይወዱታል። አበባው ሲከፈት ቢጫ ነው፤ የአበባ ብናኝ ከደረሰው በኋላ ወደ ብርቱካናማና ቀይ ይለወጣል፤ ቢራቢሮዎቹም ገና ያልተነካውን ቢጫውን ይመርጣሉ። ነገር ግን ስሙ እንደሚናገረው ፍሬውን ወፍ ይበላና በየቦታው ይዘራዋል፤ ከትውልድ አገሩ ውጭ ብዙ አገር የወረረ አረም ነው፤ ከብትም ይመርዛል። ተክዬው ነበር፤ ነቀልኩት። እሾሁ እስከ ዛሬ እጄ ላይ ምልክት አለው።

እንግዲህ አበባው ተሳካ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ትልቅ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ያን ሁሉ ድግስ አልፋ ሎሚው ላይ ስታንዣብብ አየሁ። በእግሯ ቅጠል ትነካለች፣ ትተዋለች፣ ሌላ ትነካለች። ቢራቢሮ በእግሯ እንደምትቀምስ ያኔ አላውቅም። አንዱ ለጋ ቅጠል ላይ ሆዷን አጥፋ ቆየችና ሄደች። ሄጄ ሳይ የስፒል ራስ የምታክል ክብ፣ ቢጫ እንቁላል። ያን ጊዜ አሥራ አንዱ ትዝ አሉኝ።

ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የተባለች ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ከልጇ ጋር ባሕር ተሻግራ ደቡብ አሜሪካ፣ ሱሪናም ድረስ ሄዳ አባጨጓሬዎችን ከሚበሉት ተክል ጋር አንድ ላይ ሣለች። እኔ ከ300 ዓመት በኋላ ተክሉን ለብቻ፣ ትሉን ለብቻ፣ ቢራቢሮውን ለብቻ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ። አበባ የእናቲቱ ምግብ ነው፤ ልጆቿ የሚበሉት ቅጠል ነው፤ እሱም ማንኛውም ቅጠል አይደለም። የሎሚዋ ቢራቢሮ ልጆች ከሎሚና ከብርቱካን ሌላ ጤና አዳምም ይበላሉ። ነጯ የጎመን ቢራቢሮ ለልጆቿ የጎመን ወገኖችን ትመርጣለች። ከሰሜን አሜሪካ ተነስታ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርራ ሜክሲኮ የምትከርመው ሞናርክ የተባለች ቢራቢሮና ዘመዶቿ ደግሞ ሲቆረጡ ወተት የሚያወጡትን፣ የጦቢያን ወገኖች ይፈልጋሉ። (ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ።)

ስለዚህ አራት ሥር ጤና አዳም ተከልኩ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት። ከአንድ ችግኝ ሻጭ የወሰድኳቸው ለምለም ነበሩ፤ አንድም የተበላ ቅጠል የለባቸውም። ከሎሚው ላይ ሦስት አባጨጓሬ አንስቼ አሰፈርኩባቸው፤ በማግስቱ ሁለቱ ጠቁረው ተንጠልጥለዋል። ሻጩን ስጠይቀው አፈሩ ላይ መድኃኒት እንደሚጨምሩ ነገረኝ። እንዲህ ያለው መድኃኒት በሥር ገብቶ ከቅጠል እስከ ኔክታር ይዳረሳል፤ በውኃ አይታጠብም። አሁን ከዘር አበቅላለሁ፣ ወይም ሳልገዛ እጠይቃለሁ። ቅጠሉ ምንም ያልነካው ችግኝ ሳይ እጠረጥራለሁ።

ከዚያ ሎሚውን ለቀቅኩላቸው። ኩስ የመሰለው አባጨጓሬ ቆዳውን እየጣለ ያድግና መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያኔ ቅጠል መሃል ለማግኘት ዓይን ያደክማል። አንዱን እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት። መብላት አቆመ፣ ግንዱን ሽቅብ ቁልቁል አለ፣ ከዚያ ወገቡን በሐር ክር ከቅርንጫፉ ጋር አሰረ፤ ዛፍ ላይ የሚሠራ ሰው ቀበቶ እንደሚያስር። በማግስቱ ሙሽሬ ሆኗል፤ ቅርፊት ውስጥ ሆኖ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ ነው። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። የወጣው ቢራቢሮ አልነበረም፤ በጎኑ ቀዳዳ በኩል ጥቃቅን ተርቦች ፈለቁ። እናቶቻቸው ቀድመው ውስጡ እንቁላል ጥለውበታል። ተናደድኩ፤ ግን ተርቦቹም በዚሁ ግቢ የሚኖሩ ናቸው፣ ምን ይደረጋል።

ሁለተኛው ሙሽሬ ጠዋት ተሰነጠቀ። የወጣችው እርጥብ ነበረች፤ ክንፏ የተጨማደደ ጨርቅ። የገረመኝ አፏ ነው፤ ቱቦው ሁለት ቦታ የተከፈለ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ እየጠቀለለችና እየዘረጋች ሁለቱን ክፍል እንደ ዚፕ ገጠመቻቸው። ክንፏ ፈሳሽ እየተሞላ ሲቃና ሆዷ ይኮማተራል። ሲደርቅላት ዚኒያው ላይ ሄዳ አረፈች። በመደቡ የኮራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዳ ሲመጣ “ሎሚህ ታሟል” ይለኛል። እውነትም ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል፤ ፍሬ ግን አልከለከለኝም። ዛሬ ጠዋት ጫፉ ላይ አዲስ እንቁላል ቆጠርኩ፤ አምስት። ከሥሩ ጉንዳን መውጣት ጀምሯል።