ሊድስን ያሳመረው የሐል ሰው

አዲስ አበባ የተማርኩት ሥነ ሕንፃ ነው፤ እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ውስጥ የምሠራው የማታ ጥበቃ ነው። ብሪታንያ ውስጥ በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ራሱን አርክቴክት ብሎ እንዳይሠራ ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ በእረፍት ቀኔ የሌላውን ሰው ሥራ እየዞርኩ አያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የ19ኛው ክፍለ ዘመኑን አርክቴክት የካትበርት ብሮድሪክን።

ብሮድሪክ የሊድስ ተወላጅ አይደለም፤ የወደብ ከተማዋ የሐል ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 ሊድስ ለማዘጋጃ ቤቷ የንድፍ ውድድር ስታወጣ ዕድሜው 30 ገደማ ነበር፤ ይህን የሚያህል ሕንፃም ሠርቶ አያውቅም። ሹማምንቱ ሲያመነቱ አማካሪያቸው ቻርልስ ባሪ፣ የለንደኑን ፓርላማ የነደፈው ሰው፣ ሥራውን አደራ ሊሰጡት እንደሚችሉ አረጋገጠላቸው። ማማ ይኑረው አይኑረው በሚል ብቻ ብዙ ተከራከሩ፤ ወጪውም ከታሰበው እጅግ አለፈ። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ መጥተው መረቁት።

እኔን ግን የሚይዘኝ በ1863 የተከፈተው የእህል ገበያው ነው። ሞላላ ነው፤ ላዩ ትልቅ ጉልላት። የጣሪያው መስተዋት በተለይ ወደ ሰሜን ዞሯል። ነጋዴው እህሉን ዘግኖ ጥራቱን የሚለየው በዓይኑ ነው፤ ቀጥታ የሚወርድ ፀሐይ ያታልላል፣ ከሰሜን የሚገባው ብርሃን ግን ወጥ ነው። እህል በረንዳ ያደገ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ እህሉ የለም፤ ትንንሽ ሱቆች ገብተውበታል።

በ1867 ደግሞ ስካርቦሮ ባሕር ዳርቻ ላይ ግራንድ ሆቴልን አቆመ፤ 4 ማማ ለወቅቶቹ፣ 12 ፎቅ ለወራቱ፣ 52 ጭስ ማውጫ ለሳምንታቱ፣ 365 መኝታ ክፍል ለቀናቱ። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ለጳጉሜን አንድ ፎቅ ይጨምር ነበር! እውነቱን ለመናገር ይህኛው ጉራ ይበዛበታል።

ከዚያ በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው፣ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ፈረንሳይ ገባ። ሥዕል እየሣለ፣ አትክልት እየኮተኮተ ኖረ፤ በ1905 በጀርዚ ደሴት አረፈ። አብሮኝ የሚያድረው ሱዳናዊ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ሙያ እያለው እንዴት ይተዋል?» ብሎ ተናደደ። እኔ አልፈርድበትም፤ ሰውየው አገሩን የለቀቀው ሠርቶ ከጠገበ በኋላ ነው። የእኔ የምዝገባ ማመልከቻ ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አትክልት መኮትኮቱ ይቆየኝ።