«ወጥመድ አላገኘህም» ሲባል

ትናንት ማታ ኔትሃክ በሚባለው ጌም የምጫወትባት ተዋጊ፣ ቫልኪሪዬ፣ ሞተች። ገና ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነበረች። ጉንዳኖች ናቸው የጨረሷት፤ ለጉንዳኖቹ አሳልፎ የሰጣት ግን ሣጥን ነው።

ኔትሃክን ለማታውቁት፦ ከ1987 ጀምሮ ያለ፣ በመሠረቱ በፊደልና በምልክት የሚሳል ጌም ነው። እናንተ @ ናችሁ፣ ሣጥኑ ደግሞ ( ነው። ከሞታችሁ እንደ አዲስ ከዜሮ ነው።

ሣጥኑ ላይ ቆምኩና የ«አንትራፕ» (ወጥመድ ፈልጎ የማክሸፍ) ትዕዛዝ ሰጠሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ፈተሽኩ። «ወጥመድ አላገኘህም» አለኝ። ከፈትኩት። ወዲያው ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ! ይህ ዓይነቱ ወጥመድ ከ5 እስከ 30 ተራ ድረስ ያደርቃል። ወታደር ጉንዳኖች ደግሞ ከሰው ይፈጥናሉ።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ የጌሙን 3.6 ስሪት ኮድ አነበብኩ። ከ10 ሣጥን በአማካይ 1ዱ ወጥመድ አለበት። አንደኛ ደረጃ ላይ ስትፈትሹ ያለውን ወጥመድ የማግኘት ዕድላችሁ ከ3 አንድ ብቻ ነው። 11ኛ ደረጃ ላይ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ከ21ኛ ጀምሮ አያመልጣችሁም። ስለዚህ ያ መልእክት የሚለው «የለም» ሳይሆን «አሁን አላየሁም» ነው። አምስት ጊዜ ብትፈትሹ፣ አንደኛ ደረጃ ላይም ቢሆን ወጥመዱ ሳይታይ የሚያልፈው ከ100 ወደ 13 ጊዜ ገደማ ነው። የሚያስከፍላችሁ ጥቂት ተራ ነው። ጭንቅላታችሁ ዞሮ ከሆነ ግን አትፈትሹ፤ ያኔ ጨዋታው የሌለ ወጥመድም አለ ሊላችሁ ይችላል።

ማግኘት አንድ ነገር፣ ማክሸፍ ሌላ። ቅልጥፍናችሁና ደረጃችሁ ይደመራሉ፤ የምትጫወቱት በሌባ ገጸ ባሕርይ ከሆነ ድምሩ እጥፍ ይሆናል። ያ ቁጥር ከ1 እስከ 75 (ወይም ትንሽ ከፍ እስከሚል ቁጥር) ከሚወጣ ዕጣ ጋር ይወዳደራል፤ ዕጣው ከበለጠ አልተሳካም። የኔዋ ቅልጥፍናዋ 12፣ ደረጃዋ 3፣ በድምሩ 15። ከአምስት ሙከራ አንዱ ቢሳካላት ነው። ካልተሳካ ደግሞ ወጥመዱ እዚያው እጃችሁ ላይ ይነቃል፤ ሁለተኛ ሙከራ የለም። ይህን ባውቅ ኖሮ ወጥመዱን ባገኘውም አልነካውም ነበር።

ዕድል የሚባለው የተደበቀ ቁጥርም አለ። እሱ በጣም ከወረደ ሣጥኑ ከነዕቃው ሊፈነዳ ይችላል፤ እዚያው ቦታ መሬት ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ተቆልፏል ብላችሁ በእርግጫ ብትሰብሩትም ወጥመዱ አይምራችሁም፣ እግራችሁን ነው የሚያገኘው።

ዛሬ ጠዋት አዲስ ቫልኪሪ ጀመርኩ። ሁለተኛው ወለል ላይ ሣጥን አገኘች። በአራተኛው ፍተሻ ወጥመዱ ታየ። የወለሉ ማስታወሻ ላይ «ሣጥን፣ ወጥመድ አለው» ብዬ ጽፌ ጥዬው ወረድኩ። አሁን አምስተኛ ደረጃ ላይ ናት፤ ሣጥኑም እዚያው አለ።