የአዞ እንቁላል አይቼ የዶሮዬን አበላሸሁ

ሱሉልታ ዳር ካለው ቤቴ ጓሮ 60 እንቁላል የምትይዝ ማስፈልፈያ አለችኝ። ማገላበጡ በእጅ ነው። የሱሉልታን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ይፍረደኝ።

አምና አርባ ምንጭ ለሰርግ ሄጄ የአዞ እርባታውን አየሁ። አስጎብኚው የአዞ እንቁላል ከጎጆው ሲነሳ ላይኛው ገጹ ምልክት ይደረግበታል፣ ከተገለበጠ ፅንሱ ይሞታል አለን። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ እንደሚቀርብ ሰምቻለሁ። ልቡ እንደ ዶሮ ባለ አራት ክፍል ነው፤ የበዓል ዶሮ ስትገነጠል ከሆዷ እንደምናወጣው ጠጠር እሱም ድንጋይ ይውጣል። ታዲያ ዘመዳሞች ከሆኑ እኔስ በሌሊት ምን አስነሳኝ? ማገላበጡን ተውኩት።

በ21ኛው ቀን 9 ጫጩት ወጣ። የቀረውን ስሰብር ብዙው ፅንስ ከገለፈቱ ጋር እንደ ሙጫ ተጣብቆ ደርቋል። አንዱ ሙሉ ላባ አውጥቶ ነበር።

ጎረቤቴ እማማ ቅርፊቱን አይተው፣ «ልጄ፣ የታቀፈች ዶሮ አይተህ አታውቅም? ቀኑን ሙሉ በመንቁሯ ስትገፋው፣ ስትመልሰው ነው የምትውለው» አሉኝ። አፈርኩ።

አዞዋ አሸዋ ውስጥ ቀብራ አጠገቡ ትጠብቃለች እንጂ እንቁላሉን አትነካም። ፅንሱም በአንድ ቀን ገደማ ከላይኛው የቅርፊት ገጽ ጋር ይያያዝና እዚያው ያድጋል። ልብና ጠጠር ሳነጻጽር ጎጆውን ረሳሁት።

አሁን በአንድ ጎን መስመር፣ በሌላው ነጥብ አደርግና በቀን አምስቴ አገላብጣለሁ፤ በ18ኛው ቀን አቆማለሁ። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ነው። አንድ ደንበኛዬ «ትንሽ ቀንሰውና ሴት በሴት አውጣልን» ይለኛል። የአዞን ጾታ የጎጆው ሙቀት ይወስነዋል፤ 31 ዲግሪ አካባቢ ሴት፣ 33 አካባቢ ወንድ ይበዛል። የዶሮ ግን እንቁላሉ ሳይጣል ያለቀ ጉዳይ ነው። ሙቀት ብቀንስ የማገኘው የሞተ ጫጩት ነው።

በ20ኛው ቀን ማታ ጆሮዬን ሳስጠጋ ከቅርፊቱ ውስጥ ጭው ጭው ይላሉ። የአዞ ግልገሎችም እንዲሁ ከእንቁላሉ ውስጥ ሲጣሩ እናታቸው ሰምታ አሸዋውን ትቆፍራለች፣ በአፏ ይዛ ውሃ ታደርሳቸዋለች። እኔ ክዳኑን ከከፈትኩ እርጥበቱ ይወጣል፤ ስለዚህ እጄን ኪሴ ከትቼ እጠብቃለሁ።